የመጀመሪያ ጉርዳችሁን ከፓተርን ስትሰፉ

ስፌት አስተምሪን ለሚሉኝ ሁሉ ሸሚዝ አልመክርም። ኮሌታና እጅጌ ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል። ወገቡ ላስቲክ በሆነ ጉርድ ጀምሩ። ጨርቁ የማያንሸራትት ጥጥ ይሁን፤ ሳቲን ይቆያችሁ።

ጨርቁን ሳትቆርጡ እጠቡትና ተኩሱት። ጥጥ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል።

ፓተርኑን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ንድፍ፣ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ካተማችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ያለችውን መለኪያ ካሬ በማስመሪያ ለኩ። 5 ሳንቲ ሜትር መሆን ሲገባት 4.8 ከሆነች፣ 100 ሳንቲ ሜትር ዳሌ ላይ 4 ሳንቲ ይጎድላል።

ዋናው ነገር ግን ቀስቷ ናት። ፓተርኑ ላይ ያለችው ረጅም ቀስት ከጨርቁ ዳር (ከተሸመነው፣ ከማይተረተረው ጠርዝ) እኩል ርቃ መሄድ አለባት። ከላይኛው ጫፏ እስከ ጨርቁ ዳር ለኩ፤ ከታችኛውም እንዲሁ። ሁለቱ ልኬቶች አንድ እስኪሆኑ ወረቀቱን ገፋ፣ ሳብ አድርጉት። ከዚያ በስፒል ያዙት። ይቺን ከዘለላችሁ ጉርዱ እግራችሁ ላይ ይጠማዘዛል። እባካችሁ አትዝለሏት!

ለስፌት የሚተወው ትርፍ ብዙ ጊዜ 1.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፓተርኑ ውስጥ መካተቱን አንብቡ። እያንዳንዱን ስፌት እንደጨረሳችሁ ተኩሱ። እኔ ካውያዬን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አላርቅም።

ላስቲኩን በወገቡ እጥፋት ውስጥ በመርፌ ቁልፍ እየጎተታችሁ አስገቡ። ጫፉን ከመዝጋታችሁ በፊት ለብሳችሁት ቁጭ በሉ፤ ካጠበቀ እዚያው ላላ አድርጉት።