ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ እንዳይጠፉብን

መጋቢት 7 ቀን 2012 ሰኞ ነበር። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጋሉ ተባለ። አራተኛ ክፍል ውስጥ 58 ልጆች ነበሩኝ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ እኛም ተራችን ደረሰ። ስም ስጠራ «አቤት» ያሉት 49 ናቸው።

ዘጠኙን ፍለጋ ሁለት ወር ፈጀብን። ስድስቱን መለስን። ያኔ የተማርኩትን ለመምህራንና ለወላጅ ኮሚቴዎች ልጻፍላችሁ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በወረርሽኝ ብቻ አይደለም። ጦርነትም ጎርፍም ይዘጋዋል።

አሁን፣ ሁሉም ሰላም ሳለ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት መገኛ ያዙ። መዝገብ ላይ ያለው የወላጅ ስልክ ብቻውን አይበቃም። ሲም ይቀየራል፣ ስልክ ይሸጣል፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር ቤተሰቡ ሰፈር ይለቃል። ከወላጁ ሌላ የባለሱቁን ቁጥርና የልጁን የቅርብ ጓደኛ ስም ጻፉ። ባለሱቅ በዱቤ ስለሚሸጥ ማን የት እንደሄደ ያውቃል። እኔ ከዘጠኙ አራቱን ያገኘሁት በሰፈር ሱቅ በኩል ነው።

ከዚያ ትምህርቱ እንዴት ይድረሳቸው የሚለው ይመጣል። በዚያ ጊዜ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይሰጥ ነበር። እኔም ለየወላጁ እየደወልኩ «ቴሌቪዥን አላችሁ? ስማርት ስልክ አላችሁ?» እል ነበር። ብዙዎቹ «አለን» አሉኝ። ጥያቄዬ ልክ አልነበረም። እናንተ እንዲህ ጠይቁ፦ ስልኩ ቀን ቀን ከማን ጋር ይውላል? ትምህርቱ በሚተላለፍበት ሰዓት ልጁ የት ነው? አባት ሹፌር ከሆነ ስልኩ ከእሱ ጋር ወጥቶ ማታ ይገባል። እናት ጉሊት ላይ ከሆነች ትልቋ ልጅ ቤት ውስጥ ታናናሾቿን ትይዛለች። ሬዲዮው ቢኖርም የሚሰማው የለም። መስማት ለተሳናት ልጅማ ሬዲዮ ምን ይሠራላታል?

እኛን ያገዘን ወረቀት ነው። በሳምንት አንድ ቅጠል፣ በሁለቱም ገጽ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ባለሱቁ ጋ ይቀመጣል። ልጁ ዘይት ወይም ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ ይወስዳል፣ የሠራውን ይመልሳል። አሥር መስመር ምንባብ፣ አምስት ጥያቄ፣ ስድስት የሒሳብ ስሌት። ከዚያ በላይ አታብዙ።

የመጀመሪያው ወረቀታችን ላይ «ወላጆች እንዲህ አድርጋችሁ አስረዱ» የሚል መመሪያ ነበረበት። አንዲት እናት ወረቀቱን ይዛ መጥታ «እኔኮ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ ይሄን እንዳታውቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። በጣም አዘንኩ። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራውን ገለበጥነው። «እናትሽን ወይም አያትሽን ተረት ጠይቂ፤ የነገሩሽን ጻፊና መልሰሽ አንብቢላቸው» አልን። ያቺው እናት በሚቀጥለው ሳምንት የጦጣና የአንበሳ ተረት ነገረቻት። ልጅቷ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ማንበብ የማይችል ወላጅ የሚያውቀውን የሚያስተምርበት ሥራ ስጡ።

ቤት ለቤት ስትሄዱ አስቀድማችሁ ስለ ምግብ ጠይቁ። የእኛ ልጆች ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ይበሉ ነበር። ሲዘጋ ያ ምግብ ቀረ። ለሥራ የወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚህ ነው። «ለምን ቀረህ?» ከሚለው በፊት «እንዴት ከረማችሁ? ምን እየበላችሁ ነው?» በሉ።

ብቻችሁንም አትሂዱ። አንዷ ተማሪዬ ዘመድ ቤት ሕፃን እንድትይዝ ተሰጥታ ነበር። አክስቷ በመጀመሪያ በር አልከፈተችልኝም። በሁለተኛው ቀን የእድሩን ዳኛ ይዤ ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ልጅቷ ፊት ማንንም አልወቀስንም። ጠዋት ፈረቃ ተምራ ከሰዓት እንድታግዝ ተስማማን። ንስሐ አባት፣ ኢማም፣ የእድር ሰብሳቢ፣ ቤተሰቡ የሚያከብረውን ሰው ፈልጉ። የጋብቻ ወሬ ከሰማችሁ ግን ሽማግሌ አትጠብቁ። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ወዲያው ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮና ለፖሊስ ንገሩ።

ልጆቹ ሲመለሱ መጽሐፉን ከገጽ አንድ አትጀምሩ። ያኔ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪው ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲዛወር ስለተወሰነ የእኔዎቹ አምስተኛ ክፍል ገብተው ነበር። አንድ በአንድ እየጠራሁ ሦስት ሦስት ደቂቃ አስነበብኳቸው፦ መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ ቃል፣ ቀጥሎ አራት መስመር ምንባብ። «ሰ»ን እና «ሳ»ን የማይለዩ አገኘሁ። በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ በክፍል ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው መደብናቸው። በህንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ለዓመታት የሠራበት መንገድ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ቡድኖቹን «ጎበዝ»፣ «ደካማ» አትበሉ። እኛ የአበባ ስም ሰጠናቸው። በየሁለት ሳምንቱ እያስነበባችሁ ከቡድን ቡድን አዘዋውሯቸው።

አንዱ ልጅ ሊስትሮ ሆኖ ከርሞ ነበር። ማካፈል በወረቀት አይሆንለትም። «በቀን ስንት ጫማ? በስንት ብር? ቀለሙ ስንት ወጣበት?» ስለው ግን በቃሉ ያለ ስህተት አሰላልኝ። ያንኑ ስሌት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩለት። ልጆች በተዘጋው ጊዜ የተማሩት ነገር አለ፤ ከዚያ ጀምሩ።

የመጀመሪያው ወር በጣም ወሳኝ ነው። የተመለሰ ልጅ በቀላሉ እንደገና ይቀራል። አንድ ቀን ሲቀር በዚያው ከሰዓት ጓደኛውን ላኩ። ሳምንት አትጠብቁ።

ያልተመለሱትንም ከመዝገብ አትሰርዙ። ስሙ ካለ በማንኛውም ቀን ቢመጣ ያለ ደብዳቤ ጣጣ ይገባል። ርእሰ መምህራችንን አስፈቅጄ የሦስቱን ስም በየመስከረሙ ወደ አዲሱ መዝገብ እያሻገርኩ ቆየሁ። አንደኛው በ2015 ቁመቱ ከእኔ በልጦ መጣ። ያስቀመጥነው የማታ ክፍል ነው።