የመከላከያ በጀት ሲከራከሩ ደብተር ይዛችሁ ስሙ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡም መብራት መጥፋቱም ይጀምራል። በባትሪ የሚሠራውን ሬዲዮ መስኮት ላይ አስቀምጣለሁ። የልጄን ያለቀ የሒሳብ ደብተር ከጀርባው ገልጬ የምክር ቤቱን የበጀት ክርክር እሰማለሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከዚያ በፊት መጽደቅ አለበት። እናንተም ሞክሩት፤ የኛው ብር ነው።

ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ የተነገረውን ቃል፣ በቀኝ የተጠቀሰውን ብር ጻፉ። «ሉዓላዊነት»፣ «ህልውና» ሲባል በግራ ይግባ። ብር ካልተከተለው ቀኙን ባዶ ተዉት። ቃሉ ሲገዝፍ ስለ ስንቅና ስለ ደመወዝ መጠየቅ ይከብዳል፤ የጠየቀ ሰው አገሩን የማይወድ ይመስላል። ባዶው ቦታ ያልተጠየቀውን ያሳያችኋል።

የመሥሪያ ቤቱንም ስም ልብ በሉ። ከታች የሚኖሩት ጡረተኛ አስር አለቃ ቡና ላይ «ድሮ እኮ የጦር ሚኒስቴር ነበር የሚባለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 ዓ.ም. ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ተብለው ነው። ለ«ጦር» ብር ሲጠየቅ «ከማን ጋር?» ማለት ይቀላል። ለ«መከላከያ» ሲሆን ግን ማን እምቢ ይላል? ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2022 ለሠራዊቷ 100 ቢሊዮን ዩሮ መደበች። ገንዘቡ ብድር ነው፤ የተጠራው ግን «ልዩ ሀብት» ተብሎ ነው።

ቁጥር ሲመጣ ለጠቅላላው በጀት አካፍሉት። የ2015 በጀት 786.6 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የመከላከያው 84 ቢሊዮን። አንዱ «84 ቢሊዮን!» ብሎ ያስደነግጣል። ሌላው «ከመቶ 11 እንኳ አይሞላም» ብሎ ያረጋጋል። ሁለቱም አልዋሹም።

ደብተሩን ሰኔ ላይ እንዳትዘጉት አደራ። እኔ በ2014 ዘግቼ ነበር። ዓመቱ ሲጋመስ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፤ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። የዓመቱ ጠቅላላ በጀት ራሱ 561.7 ቢሊዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ «ተጨማሪ» የሚል ቃል ስሰማ ብዕሬን አነሳለሁ።

ብቻችሁን አትስሙ። አስር አለቃው አንድ ቀን ደብተሬን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ገጹን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት። «የወታደሩ ጫማስ?» አሉኝ። በግራ በኩል ጻፍኩት።