ካርቡራተሩን እንደገና ከመፍታታችሁ በፊት ኦይል ሲሉን እዩት

አንድ ደንበኛ ያማሃ ኤጂ 100 የሚባል ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል እየገፋ መጣ። በአንድ ወር ውስጥ ካርቡራተሩ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ታጥቧል፣ ካንዴላም ተቀይሯል። ሞተሩ ጠዋት በመከራ ይነሳል። ከሞቀ በኋላ ግን ነዳጅ ባይሰጡትም ይጮኻል። የሚኒሞዋን ብሎን (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት የምትወስነውን) እስከ መጨረሻ አላላናት፤ ወይ ፍንክች! ካንዴላውን ሳወጣው ጫፉ አመድ መስሏል።

ይህ ከየት እንደሆነ ያልታወቀ አየር የሚገባበት ሞተር ነው። በቱ ስትሮክ ነዳጅና አየር መጀመሪያ የሚያልፉት ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ባለበት ክፍል ነው። ክፍሉን አፍነው የሚይዙት በክራንክሻፍቱ ግራና ቀኝ ያሉት ኦይል ሲሎች የሚባሉ የጎማ ቀለበቶች ናቸው (ፓራኦሊዮ የሚሉትም አሉ)። በማግኔቱ (ለካንዴላው እሳት በሚያመነጨው) በኩል ያለው ሲል ጎማው ደርቆ ሲሰነጠቅ ንጹህ አየር ይስባል፤ ነዳጁ ይቀጥናል። እንዲሁ ከነዳችሁት ፒስተኑ ይነክሳል፤ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል።

በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲል ሲያረጅ ምልክቱ ሌላ ነው። ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው በዘይት ይርሳል፣ ከውጭ ጠብታ ሳይታይ የማርሽ ዘይት ይጎድላል።

ለማረጋገጥ ካርቡራተሩንና ማርሚታውን አውጥታችሁ ሁለቱንም ቀዳዳ በጎማ ድፈኑ። በአንዱ መድፈኛ ላይ የካላማዳሪ ቫልቭ አስገቡና በእጅ ፓምፕ ቀስ ብላችሁ እስከ 0.4 ባር ሙሉት። ከዚያ ካለፈ ደህናውንም ሲል ይገፋዋል። ማግኔቱን ካወጣችሁ በኋላ ሲሉን የሳሙና አረፋ ቀቡት። የእኛው ወዲያው ፈላ።

ማግኔቱን በመዶሻ አትምቱ፤ ክራንክሻፍቱ ይጣመማል። መንቀያው ርካሽ ነው። ከማግኔቱ ሥር ያለውን፣ የሽቦ ጥቅልሎቹ የታሰሩበትን ሳህን ከማውጣታችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በጭረት ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ የእሳቱ ሰዓት (ካንዴላው የሚተኩስበት ቅጽበት) ይዛባል። ከዚያ ሲሉ ላይ ትንሽ ብሎን አስገብታችሁ በፒንሳ ጎትቱት። ካቻቢቴ አስገብቶ መፈልቀቅ ሻፍቱን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ ሻፍት ደግሞ አዲሱን ሲል በሳምንት ይበላዋል።

አሁን ሻፍቱን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው (ሻፍቱ የሚሽከረከርበት) አልቋል፤ ሲል ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ 20×35×7 ቢል፣ የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ነው። ለቱ ስትሮክ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ፤ ሌላው ነዳጅ ላይቋቋም ይችላል። በማግኔቱ በኩል ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። በፍሪሲዮኑ በኩል ግን አሮጌው እንደነበረ አድርጉት። አንዳንዱ ሞተር ላይ ይኼኛው ከውስጥ ስለሚገባ ካርተሩ (የሞተሩ አካል) ለሁለት ሳይከፈል አይወጣም።

የሲሉን ከንፈር (ሻፍቱን የሚነካውን ጠርዝ) ግራሶ ቀቡት። ሲሉን እንዳይቆርጠው የሻፍቱን ጥርስ በፕላስተር ሸፍኑት። የሲሉን የውጭ ስፋት የሚያክል ቡሶላ (ክብ የብሎን መፍቻ) አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ እስኪቀመጥ በቀስታ ምቱት።

ሁሉ ነገር ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ አትደንግጡ። ያቺን ያላላችኋትን የሚኒሞ ብሎን መልሳችሁ አጥብቋት።