የነዳጅ ፊልትሮ መቼ ይቀየር?

ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ የነዳጅ ፊልትሮ (ነዳጁን ከቆሻሻ የሚያጣራው ዕቃ) የሚቀየርበትን ጊዜ የተነዳው ኪሎ ሜትር ብቻ አይወስነውም፤ በታንኩ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመው ዝገትና ዝቃጭ፣ በተለይ ባለቤቱ ነዳጁ ሊያልቅ እስኪል ድረስ የመንዳት ልማድ ካለው፣ ፊልትሮውን ከጊዜው ቀድሞ ይደፍነዋል።

ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ዳገት ላይ ነው፤ ሜዳውን በደህና የመጣው መኪና ነዳጅ ሲረገጥ ይታፈናል፣ ይንገጫገጫል፣ እግር ሲነሳለት ደግሞ ይመለሳል። የደከመ የነዳጅ ፓምፕም ይህንኑ ጠባይ ያሳያል፤ ቢሆንም በዋጋ የሚቀለውን ፊልትሮ አስቀድሞ መቀየር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

እንደ ቶዮታ ዲኤክስ ባሉ ካርቡራተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ባላቸው አሮጌ መኪኖች ፊልትሮው ብዙ ጊዜ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው ወረቀት ጠቁሮ ከታየ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ኢንጀክሽን ባላቸው (ነዳጁ በግፊት በሚረጭባቸው) ግን የነዳጅ መስመሩ ግፊት ስላለበት፣ የፓምፑን ፊውዝ ነቅሎ ሞተሩን በማስነሳት በራሱ እስኪጠፋ መጠበቅ፣ ከዚያም የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ መፍታት ግድ ነው። አዲሱ ሲገጠም በላዩ የተሳለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት፤ መጋጠሚያዎቹ በደረቅ ጨርቅ ተጠርገው ጨርቁ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ እንደገና ይጠበቃሉ።