ሳነቲ ለመውጣት ላሰባችሁ

ወደ ባሌ ተራሮች ፓርክ የምትሄዱ፣ መጀመሪያ ከአምባው ዝቅ ብላ ባለችው በዲንሾ ከተማ እደሩ። የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሰውነት ሳይለምድ ሽቅብ መውጣት ራስ ያዞራል፣ ያስታውካል። ራስ ምታቱ ከጠናባችሁ ማስታገሻ ውጣችሁ አትቀጥሉ፣ ወዲያው ውረዱ። ላይ ሱቅም ማደያም ስለሌለ ውኃ፣ ስንቅ፣ ነዳጅና ወፍራም ልብስ ከታች ያዙ። አስታ የተባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጣችሁ እሳት አታንድዱ፤ ቶሎ ይዛመታል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምላችሁ ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ ነው። ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ የፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹም እዚሁ ባሌ ይኖራሉ። መኪናችሁን ከመንገዱ አታስወጡ፤ ሣሩ ሥር የቀበሮዎቹ ዋና ምግብ የሆነው ፍልፈል የሚኖርበት ጉድጓድ አለ።