የሃርድኮር ፓንክ ከቨር አልበም ሐዋሳ ላይ እንዴት ይቀዳል?

ሃርድኮር ፓንክ አጭር፣ በጣም ፈጣንና የሚጮህ ሮክ ነው፤ ከቨር ደግሞ የሌላን ሰው ዘፈን በራስ መንገድ መሥራት። የስድስት ደቂቃ ዘፈን ዘጠና ሴኮንድ ውስጥ ገብቶ ሰሚው አሁንም «ይሄማ የእከሌ ዘፈን ነው» ካለ ሥራው ተሳክቷል። ካላለ የራሳችሁን ዘፈን ብትጽፉ ይሻላል።

1. ዘፈን መምረጥ

ጊታር ሳትነኩ፣ እያጨበጨባችሁ በእጥፍ ፍጥነት ዝፈኑት። እያንዳንዷ ፊደል የራሷ ምት ላይ የምታርፍ ከሆነ ዘፈኑ ይተርፋል። ዘፋኙ አንዷን ቃል እያስረቀረቀ የሚያወርደው ከሆነ ግን በደቂቃ 190 ምት ማንም አይደርስበትም። የኛ ባንድ 14 ሞክሮ 8 ተረፉን፤ ተደምረው 13 ደቂቃ አይሞሉም።

2. ማስፈቀድ

የድሮውን ካሴት ሽፋን አውጡና «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚለውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዘፋኙ «ይሁን» ስላለ ብቻ አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ደራሲው ካረፈ ወራሾቹን ፈልጉ፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ አድርጉት። ስትሄዱ ማሳያ ቅጂ ያዙ። አንድ አንጋፋ የዜማ ደራሲ የኛን ሰምተው «ልጆቼ፣ ማን ነው የሚያባርራችሁ?» አሉና እየሳቁ ፈረሙልን።

3. ቅኝቱን ማትረፍ

ብዙ ባንድ የሚወድቀው እዚህ ነው። የፓንክ ጊታር በፓወር ኮርድ ይሄዳል፤ መነሻው ድምፅና አምስተኛው ብቻ (ዶ ብሎ ሶል እንደማለት)። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሶልና ላ ላይ ፓወር ኮርድ ብትይዙ ሁለቱም ድምፆች ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው። ሚ ላይ ስትይዙ ግን ሲ ሾልካ ትገባለች፤ ሲ ደግሞ ትዝታ ውስጥ የለችም። ጊታሪስታችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሚን ሲደበድብ ዘፈኑ ለምን የፈረንጅ እንደመሰለን ግራ ገብቶን ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሚ ላይ አንድ ክር ብቻ ምቱ። አንቺሆዬ የባሰ ነው፤ መነሻው ራሱ ትክክለኛ አምስተኛ የለውም። ለመጀመሪያ አልበም ባትነኩት ይሻላል።

ምቱ ላይም ተጠንቀቁ። ችክችካ በ6/8 ይሄዳል (በዙር ስድስት ፈጣን ምት)፣ ፓንክ በ4/4 (በዙር አራት)። እኛ ስንኙን በ4/4 አሩጠን አዝማቹን በ6/8 እንዳለ አፍጥነን ተውነው። ልምምድ ላይ አዝማቹ ሲደርስ ትከሻ ካልተንቀጠቀጠ እንደገና እንጀምራለን።

ጩኸቱ ደግሞ አማርኛን ሊገድል ይችላል። ስትጮኹ መጥበቅና መላላት ይጠፋል። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ «ቆይ፣ አልደረሰም» ነው። ድምፃዊው ጮሆ የቀዳውን ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው አሰሙት፤ ያ ሰው ግጥሙን መጻፍ ካልቻለ ድገሙ።

4. መቅዳት

እኛ የቀዳነው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አጠገብ፣ አንድ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ቆርቆሮ ጣራ ሥር በክረምት መቅዳት አይታሰብም፤ ዝናቡ ከሲምባል (ከድራሙ የብረት ሳህን) ይበልጣል። በበጋ፣ ማለዳ፣ ባጃጁ ሳይበዛ ጀምሩ። ፍራሾቹን ግድግዳው ላይ አቁሙ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣሉ። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ በኋላ ሴቭ አድርጉ፤ መብራት ሲሄድ አያስጠነቅቅም።

ድራምና ቤዝ አንድ ላይ ይቀዱ። ለድራም አራት ማይክ ይበቃል፦ አንዱ ለትልቁ በእግር ለሚመታው፣ አንዱ ለስኔር (ጥርት ብሎ ለሚጮኸው ትንሽ ከበሮ)፣ ሁለቱ ከላይ። ጊታሩን ሁለት ጊዜ አስመቱና አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አድርጉ። አንዱን ቅጂ ኮፒ አድርጎ ማባዛት ድምፁን ያጎላዋል እንጂ አያሰፋውም፤ በእጅ እንደገና መመታት አለበት።

5. መደርደር

ስምንት ፈጣን ዘፈን በተከታታይ ጆሮ ይሰለቸዋል። ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሻሸመኔ የራስታዎች መንደር አለባት፤ የዋሽንግተኖቹ ራስታዎች፣ የሃርድኮር ባንዱ ባድ ብሬንስም፣ በ1982 እ.ኤ.አ. በካሴት ባወጡት አልበም በሃርድኮሩ መሀል ሬጌ ጣል አድርገዋል። እኛም መጀመሪያ ከጣልናቸው አንዱን አዝጋሚ ትዝታ መልሰን፣ ያለ ድራም፣ አምስተኛ ላይ አስገባነው።

ሽፋኑ ላይ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ ስም ከባንዱ ስም ባላነሰ ፊደል ይጻፍ። የእናንተ ቦታ «ቅንብር» ከሚለው ፊት ለፊት ነው።