አትክልት ከማሳ እስከ ጓዳ፦ የወሎ ወረዳና ከተማ አስተዳደሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቆቦ ላይ ቲማቲም ገዢ አጥቶ በሚበሰብስበት ሳምንት፣ ደሴ ውስጥ የቀን ሠራተኛው ቤት ወጡ ያለ ቲማቲም ሊሠራ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ምርቱን ከማሳ ጓዳ የሚያደርሰው ሥራ ነው። ያ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው በወረዳና በከተማ አስተዳደር እጅ ነው።

ጉሊት ማፍረስ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የዕለት ገቢ ያለው ሰው ሽንኩርት የሚገዛው በመደብ እንጂ በኪሎ አይደለም፤ ለዛሬ ወጥ የሚበቃውን ብቻ ይዞ ይገባል። የእሁድ ገበያ ዋጋ ቢቀንስም የሳምንት አስቤዛ ባንዴ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ፋይዳው ትንሽ ነው። ዳገትና ቁልቁለት በበዛባት ደሴ ደግሞ ዘንቢል አንጠልጥሎ ሩቅ ገበያ ደርሶ መመለስ ለአቅመ ደካማ ፈተና ነው። ደንብ አስከባሪ ጉሊት ሲያፈርስ እነዚህን ሰዎች ከአትክልት ያርቃቸዋል። በየሰፈሩ መንገድ የማይዘጋ ጥግ ይከለል፤ ጣሪያ ይልበስ፤ አትክልቱ መሬት እንዳይነካ መደርደሪያ ይሠራ፤ የቧንቧ ውሃ ይግባ። እሁድ ገበያውም ሩብ ኪሎ ይሽጥ።

ዘር አከፋፍሎ ውሃውን መርሳት

የጓሮ አትክልት በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያጠጣው 4 ካሬ ነው። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቀበሌ «20 ካሬ አልሙ» ማለት እናቶችን በየቀኑ 5 ጀሪካን ማሸከም ነው። በ4 ካሬ ይጀመር፤ ቆስጣና ሀበሻ ጎመን ይቅደሙ። ቅጠላቸው እየተቀነጠሰ ለሳምንታት ይበላል፤ ጥቅል ጎመን ግን አንዴ ተቆርጦ ያልቃል።

የቦርከናን ውሃ ሳያስመረምሩ መስኖ ማስፋፋት

ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ ወደ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቅጠላ ቅጠል እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ከውሃውና ከአፈሩ ሊስብ ይችላል። በኮምጣጤ ወይም በክሎሪን ማጠብ ጀርም ይቀንሳል እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት አያወጣም። ውሃው፣ አፈሩና ቅጠሉ ይመርመሩ፤ ምርመራው ወንዙ በሚጎድልበት በበጋ ይደረግ፤ ያኔ ፍሳሹ የሚቀጥንበት ውሃ ትንሽ ነው። ሰላጣና ቆስጣ ከፍሳሹ መግቢያ በላይ ባለ ውሃ ይልሙ። ገበሬውን ሌላ ውሃ ሳይሰጡት መከልከል ግን ማሳውን ነጥቆ መተው ነው።

ጾምን ሳይቆጥሩ ማቀድ

ቲማቲም ከተዘራ እስከ ለቀማ ከ3 እስከ 4 ወር ይወስዳል። ለ55 ቀኑ ሁዳዴ እንዲደርስ ችግኙ በጥቅምት መፍላት አለበት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም የወሎ የምርት ዕቅድ በየዓመቱ ይከለስ።

ሽንኩርትና ቲማቲምን አንድ ላይ ማከማቸት

በሁለት የጡብ ግድግዳዎች መካከል 7.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ አሸዋ መሙላትና ጠዋት ማታ ውሃ ማጠጣት ያለ መብራት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይሆናል። እንደ ቆቦና ባቲ ባለ ሞቃት ቆላ በደረቅ ወራት በደንብ ይሠራል፤ አየሩ በሚረጥብበት ክረምት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቲማቲም በጆንያ ሳይሆን በሳጥን ይግባበት። ሽንኩርት እዚያ ከገባ ይበቅላል፣ ይበሰብሳልም፤ የእሱ ቦታ ነፋስ የሚያገኝ ደረቅ ዳስ ነው።

የታደለውን ዘር ብቻ ቆጥሮ ሪፖርት ማድረግ

ዘር መታደሉ አትክልቱ መበላቱን አያሳይም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ትናንት ቀንና ሌሊት ምን እንደበሉ ይጠይቁ። የሴቶች አመጋገብ ስብጥር ከሚለካባቸው 10 የምግብ ምድቦች (እንደ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና ቅጠላ ቅጠል ያሉ) ቢያንስ 5ቱን የበሉት ስንት እንደሆኑ በየቀበሌው ይመዝገብ።